ፈረሰኛ የሌለው ዶሮ

እኛ ቤት ዶሮ የሚበላው በቁጥር ነበር። አንድ ዶሮ፣ 12 ብልት፣ 10 ሰው። ልጆች ሰባት ነን። አባዬ፣ እማዬና አያቴ ሲጨመሩ 10 እንሞላለን። በዓል ሲሆን ደግሞ እንግዳ አይጠፋም።

ፋሲካ ሌሊት ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን ገበታ ሲቀርብ እማዬ ድስቱ አጠገብ ትቆማለች። ጭልፋዋን ይዛ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ልጅ ሆኜ ጸሎት የምታደርስ ይመስለኝ ነበር። ለካ እየቆጠረች ነው። ፈረሰኛው የአባዬ ነው፤ እሱ ላይ ክርክር የለም። መላላጫው ለእንግዳ ይቀመጣል። እንግዳ ካልመጣ ለታላቅ ወንድሜ ይደርሰዋል። እኔ አምስተኛ ልጅ ነኝ። ለእኔ የሚወጣልኝ ክንፍ ነበር፣ በየዓመቱ ክንፍ።

አንድ ፋሲካ፣ የስምንት ወይም የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ አጎቴ ሁለት ጓደኞቹን ይዞ ከተፍ አለ። ማንም አልጠበቃቸውም። እማዬ "እሰይ፣ እንኳን መጣችሁ!" ብላ ተቀበለቻቸው። ደስታዋም የእውነት ነበር። ወደ ጓዳ ስትገባ ግን ተከተልኳት። ጭልፋዋን ድስቱ ውስጥ እያዞረች ቆጠረች። ጨረሰችና እንደገና ከአንድ ጀመረች። ቁጥሩ አልሞላም። ያን ቀን እኔና ታናሽ እህቴ አንድ እንቁላል ለሁለት ተካፍለን በወጡ በላን። አልከፋንም። የዶሮ ወጥ ከእንቁላሉ ጋር ማንንም አያስከፋም። የእማዬ ከንፈር ግን ዓይኔ ላይ ቀረ።

ይህን ያነሳሁት ስለ አንድ የፔሩ ምግብ ልጽፍ ስለፈለግኩ ነው። አኺ ዴ ጋዪና ይባላል። ዶሮው ይቀቀላል፣ በእጅ ክር ክር እስኪሆን ይተረተራል። ከዚያ በቢጫ ቃሪያ፣ በወተት በራሰ ዳቦ፣ በዋልነትና በአይብ የተሠራ ወፍራም ወጥ ውስጥ ይገባል። ቀለሙ እንደ እንቁላል አስኳል ነው። ከድንችና ከሩዝ ጋር ይቀርባል። መሥራት ከጀመርኩ ዓመታት አልፈዋል፣ አሁንም በሠራሁት ቁጥር እማዬ ትዝ ትለኛለች።

ያስተማሩኝ ጎረቤቴ ናቸው። አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው የምንኖረው፤ አንድ ሕንፃ፣ አንድ ፎቅ፣ በር ለበር። የሊማ ሰው ናቸው፣ ከሪማክ ሰፈር። እኔ "ሴኞራ" እላቸዋለሁ። እሳቸው "ኢኺታ" ይሉኛል። ልጅዬ እንደማለት ነው።

ያስተዋወቀን የወጥ ሽታ ነው። የገና ዋዜማ ነበር። ሽንኩርቱን ለዶሮ ወጥ እያቁላላሁ ነው። መስኮቶቹን ሁሉ ከፍቻለሁ፤ ውጭው በረዶ ነው። በሩ ተንኳኳ። ፎቅ ላይ የኖረ ሰው ያውቀዋል፤ ወጥ እየሠራህ በር ሲንኳኳ ልብህ ድንግጥ ይላል። ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ስከፍት ቀደሙኝ። "ቀይ ሽንኩርት ነው አይደል? ከቃሪያ ጋር?" አሉኝ። አዎ አልኳቸው። ገቡ፣ ድስቱን ጎንበስ ብለው አዩ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ማጉ። "አዴሬሶ" አሉ።

አዴሬሶ በፔሩ እንደኛው ቁሌት ማለት ነው። ቀይ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ አኺ የሚሉት ቃሪያ ተፈጭቶ። የምግባቸው ሁሉ መጀመሪያ እሱ ነው። ልዩነቱ እሳቸው ዘይቱን ከመጀመሪያው ማድረጋቸው ነው። እኛ ሽንኩርቱን ያለ ዘይት በራሱ ውኃ እናበስለዋለን፣ ከዚያ ነው ዘይቱና ቅቤው የሚገባው። ያን ቀን ሽንኩርቴን ከአንድ ሰዓት በላይ ሳማስል ቁጭ ብለው አዩ። "በሊማ እንዲህ የሚታገሡ ሴቶች ድሮ ቀሩ" አሉኝ። ከዚያ በኋላ በእኛ መካከል በር አልተዘጋም።

በዋሽንግተን አካባቢ የምንኖር ሐበሾች ፔሩን የምናውቀው በአንድ ነገር ነው፤ በከሰል ዶሮ። "ፔሩቪያን ቺክን ይዘሽ ነይ" ማለት እዚህ የተለመደ ነው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጾም ካልሆነ ግማሽ ዶሮ፣ ሩዝ፣ አረንጓዴውን ማባያ ይዞ ወደ ቤት መግባት ነው። የዚያ ዶሮ ታሪክም ደስ ይላል። እ.ኤ.አ. በ1950 ገደማ ከሊማ ወጣ ብሎ በሚገኝ ሳንታ ክላራ በሚባል ስፍራ ሮጀር ሹለር የሚባል ስዊዘርላንዳዊ ዶሮ ያረባ ነበር። የዶሮውን ሥራ ከመተው ብሎ እየጠበሰ መሸጥ ጀመረ። ላ ግራንሃ አሱል የሚለው ቤቱ ዛሬም ስሙ ይነሳል። ግን ያ የምግብ ቤት ዶሮ ነው፣ የሚሽከረከር ብረትና ትልቅ ምድጃ ይፈልጋል። ሴኞራን "እናንተ ቤት ውስጥ የምትሠሩት ዶሮ የቱ ነው?" ብዬ ጠየቅኳቸው። ሳያስቡ ነው የመለሱልኝ። አኺ ዴ ጋዪና።

ስሙን አንድ በአንድ ፈቱልኝ። አኺ ቃሪያው ነው። ጋዪና ደግሞ ዝም ብሎ ዶሮ አይደለም። ወንዱን አይጨምርም፣ ቄብም አይደለም። ብዙ እንቁላል የጣለች፣ አሁን መጣል ያቆመች እናት ዶሮ ናት። ሥጋዋ ጠንካራ ነው፣ ሁለት ሦስት ሰዓት መቀቀል ይፈልጋል። መረቋ ግን ከቄብ መረቅ ጋር አይወዳደርም። በሴኞራ እናት ቤት አንድ ዶሮ እንቁላል ስታቆም ቤተሰቡ ያውቅ ነበር፤ በሳምንቱ አኺ ዴ ጋዪና አለ። አሁን አብዛኛው ሰው በመደብር ዶሮ ነው የሚሠራው፣ ስሙ ግን እንዳለ ቆይቷል። እኔ የምጠቀመው አንድ ሙሉ ዶሮ ነው፣ አንድ ኪሎ ተኩል የሚሆን። ደረቱን ብቻ ገዝተው የሚሠሩ አሉ። አልመክርም። ደረት ብቻ ሲሆን ወጡ ውስጥ ይደርቃል፣ መረቁም አጥንት ካልነካው ውኃ ውኃ ይላል።

አሁን ወደ አኺው ልምጣ። አኺ አማሪዮ ይባላል፣ ቢጫው ቃሪያ ማለት ነው። ሲበስል ግን ቢጫ አይደለም፣ ብርቱካንማ ነው። ቢጫ የሚሆነው ከወተቱና ከዘይቱ ጋር ድስት ውስጥ ሲገናኝ ነው። ርዝመቱ ጣት ያህላል፣ አንዳንዱ ይበልጣል። በፀሐይ ሲደርቅ ስሙ ይቀየርና ሚራሶል ይሆናል፤ ፀሐይ የሚያይ ማለት ነው። ትኩሱን እዚህ አገር ማግኘት ይከብዳል። በላቲኖ ሱቆች ፍሪዘር ውስጥ በረዶ ሆኖ ይሸጣል፣ በብልቃጥ የተፈጨም አለ። እኔ የበረዶውን እመርጣለሁ። የብልቃጡ ይመረኛል።

ሴኞራ መጀመሪያ ያሳዩኝ አጸዳዱን ነው። ቃሪያውን በርዝመቱ ይሰነጥቁታል። በማንኪያ ጫፍ ከጭራው ጀምረው አንድ ጊዜ ሳብ ያደርጋሉ። ፍሬው ከነጩ ሥር ጋር አብሮ ተጠራርጎ ይወጣል። ሥሩ ከቀረ ተመልሰው ይገባሉ። ብዙ ሰው ማቃጠሉ ያለው ፍሬው ላይ ይመስለዋል። ያለው ግን ፍሬው የተንጠለጠለበት ነጭ ሥር ላይ ነው። ከዚያ የጸዳውን ቃሪያ ያፈሉታል። ውኃውን ይደፉና በአዲስ ውኃ እንደገና ያፈሉታል። ሦስት ጊዜ። ከዚያ ቆዳውን ላጥ ላጥ አድርገው በትንሽ ዘይት በብሌንደር ይፈጩታል። ሲጨርሱ ማንኪያው ላይ ያለውን አቀመሱኝ። ማቃጠሉ ከሩቅ ነው የሚመጣው። ከፊት ያለው ጣዕም ፍሬያማ ነው፣ የበሰለ ማንጎ ጠርዝ ላይ ያለውን ነገር ይመስላል። እኔ ያደግኩት በርበሬ ማለት ማቃጠል ነው ብዬ ነው። ቃሪያ እንደ ፍሬ የሚጣጥም መሆኑን በሠላሳ ስድስት ዓመቴ ነው ያወቅኩት።

እኛ በርበሬን ከአዳም ጀምሮ የኛ አድርገን ነው የምናየው። እኔም እንደዚያ ነበርኩ። ቃሪያም በርበሬም ሚጥሚጣም ግን ዘራቸው ከዚያ ወገን ነው፣ ከአሜሪካ ምድር። ከእ.ኤ.አ. 1492 በፊት በእኛ ሰማይ ሥር አንድም ዛላ በርበሬ አልነበረም። ዶሮ ወጣችን ቀይ የሆነው ከዚያ ወዲህ ነው። ይህን ሳስብ የሴኞራ ማንኪያ ይበልጥ ከበደኝ። በአንዲስ ተራሮች ሰዎች ቃሪያውን ኡቹ ይሉታል፣ በኬቹዋ ቋንቋ። አኺ የሚለው ቃል ከካሪቢያን ደሴቶች ስፔኖች ይዘውት የመጡት ነው። ኢንካዎች ስለ አመጣጣቸው ሲተርኩ ከዋሻ የወጡ አራት ወንድማማቾችን ያነሳሉ። የአንዱ ስም አያር ካቺ ነው፣ ካቺ ጨው ነው። የሌላው አያር ኡቹ ነው። ጨውና በርበሬ ወንድማማቾች ሆነው ነው ዓለም የሚጀመረው። ከሁሉ ያስገረመኝ ደግሞ ጾማቸው ነው። ጥብቅ ጾም ሲይዙ ኡቹን ይተዉ ነበር። እኛ ሁዳዴን በሽሮና በበርበሬ ነው የምንገፋው። እነሱ ደግሞ ከምግብ ሁሉ የሚወዱት እሱ ስለነበር ለፈጣሪያቸው የሚተዉት እሱን ነበር።

የሚቀጥለውን ሥራ ሴኞራ ቁጭ ብለው ነው የሚሠሩት። ዶሮው ከካሮት፣ ከሴለሪና ከሽንኩርት ጋር ተቀቅሎ ወጥቷል። ለብ እስኪል ይጠበቃል። በጣም ከቀዘቀዘ ይጠነክራል፣ ከሞቀ ጣት ያቃጥላል። ትሪ ላይ ያስቀምጡታል። ከዚያ በአውራ ጣትና በጠቋሚ ጣት ሥጋውን እየያዙ ወደ ታች ይስባሉ። አንድ ሙዳ ሁለት ይሆናል፣ ሁለቱ አራት፣ አራቱ ስምንት። ሥጋው የተሠራበትን መስመር ይዞ ነው የሚለያየው። መጨረሻ ላይ እንደ ፈትል ይቀጥናል። እኔ ወፈር አድርጌ ስተው ትሪውን ወደ እኔ ገፋ ያደርጉታል። "ገና ነው ኢኺታ።" ለዚህ ሥራ የሚጠሩበት ቃል ዴስኢላቻር ነው። የተሸመነ ጨርቅን ክሩን እየመዘዙ መተርተር ማለት ነው። እናቴ የጋቢ ዘርፍ ለመሥራት ጫፉን ስትተረትር ጣቶቿ እንደዚያ ነበር የሚሄዱት። አንድ ዶሮ ለመተርተር ግማሽ ሰዓት ይፈጃል። በማሽን የሚሠሩ አሉ፤ በኬክ መምቻ ሁለት ደቂቃ ነው። ሞክሬዋለሁ። ሥጋው ይደቃል እንጂ አይተረተርም። አፍ ውስጥ ሲገባ ያስታውቃል።

ሲያልቅ ትሪው ላይ የሚታየው ነጭ ክምር ነው። ደረቱ ከታፋው፣ ክንፉ ከጀርባው አይለይም። ያን ጊዜ ነው ነገሩ የነካኝ። ክምሩን እያየሁ ዝም አልኩ። ሴኞራ ምን ሆንሽ አሉኝ። ስለ 12ቱ ብልት ነገርኳቸው፣ ፈረሰኛ ለማን እንደሚሰጥ፣ መላላጫ ለማን። በጥሞና ሰሙኝ። "እኛ ዘጠኝ ልጆች ነበርን" አሉ። "ዶሮዋ አንድ ናት።" ሌላ ነገር አልጨመሩም፣ ወደ ሽንኩርታቸው ተመለሱ።

ምግቡ ከየት መጣ ለሚለው ብዙዎቹ የሚያመለክቱት ወደ ስፔን ነው። በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ ማንሃር ብላንኮ የሚባል ምግብ ነበር፤ ነጩ ምግብ። የተተረተረ የዶሮ ደረት በአልሞንድ ወተት፣ በሩዝ ዱቄትና በስኳር ይሠራ ነበር። የባለጸጋ ምግብ ነው። የእሱ ዘመድ ዛሬም ኢስታንቡል ውስጥ አለ፤ ታቩክ ጎይሱ ይሉታል፣ የዶሮ ደረት ያለበት የወተት ጣፋጭ ነው። ስፔኖች ሊማን የቆረቆሩት እ.ኤ.አ. በ1535 ነው። ይህን ነጭ ምግባቸውን፣ ስንዴያቸውን፣ ላሞቻቸውን፣ ወይራቸውን ይዘው ገቡ። አኺው ግን ከእነሱ ብዙ ሺህ ዓመት ቀድሞ እዚያ ነበር። ስኳሩ ወጣ፣ አኺው ገባ። በፔሩ ማንሃር ብላንኮ የሚለው ስም አሁንም አለ፤ ዛሬ ግን ከወተትና ከስኳር የሚሠራ ካራሜል ነው፣ ዶሮ የለበትም። ዶሮው ወደ ቢጫው ድስት ሄዷል።

ድስቱን ያማስሉ የነበሩትን እጆችም መርሳት አይገባም። በሊማ ጓዳዎች ውስጥ ለብዙ ዘመን ምግብ ያበሰሉት በአብዛኛው ከአፍሪካ በባርነት የተወሰዱ ሴቶችና የልጅ ልጆቻቸው ናቸው። ሴኞራ ስለ ምግብ ሲያወሩ ስሟን ሳይጠሩ የማያልፏት አንዲት ጥቁር ፔሩአዊት አለች፤ ተሬሳ ኢስኪዬርዶ። እ.ኤ.አ. በ1934 ተወለደች፣ በ2011 አረፈች። በ1978 ሊንሴ በሚባለው የሊማ ሰፈር ኤል ሪንኮን ኬ ኖ ኮኖሴስ የሚል ምግብ ቤት ከፈተች። ትርጉሙ የማታውቀው ጥግ ነው። ዛሬ የሊማ ምግብ ቤቶች ከዓለም አንደኛ እየተባሉ ነው፣ ሴንትራል በ2023፣ ማይዶ በ2025። ሴኞራ በዚህ ይኮራሉ። ግን የዓለም አንደኛ የሆነ ምግብ ምን ዓይነት እንደሆነ ስጠይቃቸው ስለ ተሬሳ ማውራት ይጀምራሉ።

ወጡ እንዴት እንደሚሠራ ልንገራችሁ፤ እኔ በደረስኩበት መንገድ። ሁለት ትልልቅ ቀይ ሽንኩርት በጣም ደቅቆ ይከተፋል። በዘይት፣ በዝግታ፣ ሃያ ደቂቃ ያህል ይበስላል። እዚህ ላይ የእናቴን ትዕግሥት ነው የምጠቀመው፤ ሴኞራ ደስ ይላቸዋል። አራት ፍልቃቂ ነጭ ሽንኩርት፣ ግማሽ ኩባያ የተፈጨ አኺ፣ ትንሽ ከሙን፣ ከእርድ ደግሞ የጣት ጫፍ ያህል ይጨመራል። ዘይቱ ቀለሙን እስኪይዝ ይጠበቃል። እስከዚያው አምስት ቁራጭ የቆየ ዳቦ፣ ጠርዙ ተነሥቶ፣ በአንድ ጣሳ ወተት ይርሳል።

ወተቱ የጣሳ ነው፣ ውኃው ተኖ የወፈረው፣ ስኳር የሌለበት። ትኩስ ወተት ለምን አይሆንም ብዬ ነበር። ይሆናል፤ ግን ጣዕሙ ሌላ ነው። በፔሩ የጣሳ ወተት ማለት ግሎሪያ ነው፣ በደቡብ ከአሬኪፓ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ መጀመሪያ የተነሣ። ሴኞራ ሲናገሩት "የእናቴ ጓዳ ሽታ" ይሉታል። ለእሳቸው ያንን የሚተካ የለም።

ዳቦው የቆየ መሆን አለበት። ትኩስ ዳቦ ይላቁጣል። የደረቀው ግን ወተቱን ጠጥቶ ልክ ወዳለው ልስላሴ ይመጣል። ይሄ ለእኛ አዲስ አይደለም። የትናንት እንጀራ ነው ጥሩ ፍርፍር የሚወጣው። ከዚያ የራሰው ዳቦ ከግማሽ ኩባያ ዋልነት ጋር ይፈጫል፣ ቁሌቱ ላይ ይገለበጣል። የዶሮው መረቅ በጭልፋ በጭልፋ ይጨመራል። እሳቱ ዝቅ ይላል። ከዚህ በኋላ ድስቱን ትቶ መሄድ የለም።

እኔ ትቼ ሄጃለሁ። መጀመሪያ ብቻዬን የሠራሁት ጊዜ ነው። ቃሪያውን ከነነጭ ሥሩ ፈጨሁት፣ ማፍላቱንም ዘለልኩት፤ ሐበሻ ነኝ፣ ቃሪያ ምን ያደርገኛል ብዬ። ዳቦውን ከጨመርኩ በኋላ ደግሞ ስልክ ተደወለልኝ። አምስት ደቂቃ ብቻ ነው ያወራሁት። ዳቦ ከባድ ነው፣ ይዘቅጣል፣ ከታች ይይዛል። ስመለስ ሽታው ተቀይሯል። ማማሰያውን ሳስገባ ጥቁር ቅርፊት ይዞ ወጣ። ምሬቱ ድስቱን ሙሉ ያዘው። ከላይ ያለውን ለማትረፍ ወደ ሌላ ድስት ገለበጥኩ፣ አልዳነም። ልጆቼ አንድ ጉርሻ ቀምሰው ውኃ ውኃ አሉ። ሁሉንም ደፋሁት። ዶሮ መድፋት ለእኔ ቀላል ነገር አይደለም፣ አልቅሻለሁ። በማግሥቱ ለሴኞራ ነገርኳቸው። ስለ ቃሪያው ምንም አላሉም። "ዳቦው ከገባ በኋላ ስልክ አይነሳም" አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ዳቦው ከገባ ስልክ አላነሳም።

ወጡ ሲፈላ ተንተክትኮ "ፏ" "ፏ" ይላል፣ እንደ ገንፎ። ያኔ የተተረተረው ዶሮ ይገባል። መጨረሻ ላይ ግማሽ ኩባያ የተፈቀፈቀ ፎርማጆ፣ ጨው። ጨው ከአይቡ በኋላ ነው የሚጨመረው፣ አይቡ ራሱ ጨው አለው። ትንሽ ቀጠን እያለ ማውረድ ነው፤ ሲቀዘቅዝ ይጠነክራል።

ከሥር የተቀቀለ ድንች ተቆራርጦ ይደረደራል። ድንቹም የእነሱ ነው፣ የአንዲስ ተራሮች ልጅ። ዓለም አቀፉ የድንች ምርምር ማዕከል እ.ኤ.አ. ከ1971 ጀምሮ ሊማ ነው ያለው። ወደ እኛ አገር ድንች ያስገባው ሺምፐር የሚባል ጀርመናዊ የዕፅዋት ተመራማሪ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1858። ከድንቹ ላይ ቢጫው ወጥ ይፈስሳል። ከጎን ነጭ ሩዝ። ከላይ ለሁለት የተከፈለ የተቀቀለ እንቁላልና አንድ ጥቁር የወይራ ፍሬ። እንቁላሉን መጀመሪያ ሳየው ሳቅሁ። ሽንኩርት፣ በርበሬ፣ ዶሮ፣ እንቁላል። ሰው ውቅያኖስ ተሻግሮም የሚያገኘው ያንኑ ነው።

በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ 21 እሑድ ዋለ። ለእኛ የወሩ ማርያም ናት። ለሴኞራ ደግሞ ጁላይ 28፣ ፔሩ እ.ኤ.አ. በ1821 ነፃነቷን ያወጀችበት ቀን ነው። እሳቸው ልጃቸው ዘንድ ሄደዋል። እኔ ከዋዜማው አንድ ዶሮ ቀቅዬ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጫለሁ፤ ለአራታችን፣ ለእኔ፣ ለባለቤቴና ለሁለቱ ልጆቼ። ከቅዳሴ ስንወጣ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች "ቡና ጠጥተን እንሂድ" ተባባሉ። ቤቱ የእኛ ቅርብ ነው። ሰባት ሰው ገባ። አሥራ አንድ ሆንን።

ፍሪጁን ከፍቼ ዶሮውን አየሁት። አንድ ዶሮ። ግን አልደነገጥኩም። ከመረቁ ጋር ለብ አደረግኩት፣ ትሪ ላይ አወጣሁት፣ ጠረጴዛው መሃል አስቀመጥኩት። "እጃችሁን ታጠቡና ኑ" አልኩ። ሴቶቹ ሁሉ ተቀመጡ፣ ከወንዶቹም አንዱ። ልጄ አተረታተሩን አሳየቻቸው፣ እሷ የተማረችው ከሴኞራ ነው። ጥጥ የምንፈለቅቅ ነበር የምንመስለው። ወሬው ደራ። አንዷ ስለ ሐረር አያቷ አወራች፣ ሌላዋ ስለ ወረቀቷ ጉዳይ። ግማሽ ሰዓት የሚፈጀው ሥራ አሥር ደቂቃ ፈጀ። እኔ ዳቦውን ጨመርኩ፣ መረቁን ጨመርኩ፣ ድንቹን ከሁለት ኪሎ ወደ አራት ኪሎ አሳደግኩት። ቡናው ከጎን ይፈላል።

በጭልፋ እያወጣሁ ስድስተኛው ሳህን ላይ ስደርስ ነው ልብ ያልኩት። እየቆጠርኩ አልነበረም። እጄ ቆም አለ። ጭልፋውን አየሁት፣ ሁሉም ላይ ያው ነው፣ ቢጫ ወጥ፣ ውስጡ ነጭ ፈትል። ከዚያ ሰባተኛውን አወጣሁ።

ከእንግዶቹ መካከል ጋሼ የምንላቸው ትልቅ ሰው ነበሩ። የሰባ ምናምን ዓመት ሰው ናቸው። ሳህኑን ተቀብለው በሹካ ገለጥ ገለጥ አደረጉት። "ልጄ፣ ዶሮ ነው ያልሽኝ። ዶሮው የታለ?" አሉኝ።

"ውስጡ ነው ጋሼ" አልኳቸው።

"ፈረሰኛው ለማን ወጣ ታዲያ?"

"ሁላችንም ሳህን ላይ ትንሽ ትንሽ አለ።"

ሹካውን አስቀመጡና እንጀራ ጠየቁ። እኔ ይህን ምግብ በእንጀራ አልመክርም፤ የእንጀራው ኮምጣጣነት ከወተቱ ጋር ይጣላል። እሳቸው ግን በእንጀራ በሉት፣ ጠርገው። ደግሞ ጨመርኩላቸው። ለሁሉም የሚደገም ነበር። እንቁላሉ ብቻ ነው የተከፋፈለው፣ ግማሽ ግማሽ።

ማታ ሴኞራ ሲመለሱ በራቸውን አንኳኳሁ። ድስቱ ሥር የቀረውን በሳህን ይዤላቸዋለሁ፣ ሁለት ጭልፋ ቢሆን ነው። "ፌሊሴስ ፊየስታስ" አልኳቸው፣ እንኳን አደረሰዎ እንደማለት ነው። ጫማቸውን እንኳ ሳያወልቁ ማንኪያ አመጡ፣ ቆመው ቀመሱ። ጸጥ አሉ። እንደገና ቀመሱ።

"ስንት ሆናችሁ በላችሁት?"

"አሥራ አንድ።"

"ዶሮው ስንት?"

"አንድ።"

ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ሳህኑን አገላብጠው አዩት። "ወይራው የት አለ ኢኺታ?" አሉ። ለካ ብልቃጡ ፍሪጅ ውስጥ እንዳለ ቀርቷል፣ ለአንድም ሰው አላቀረብኩም። የራሳቸውን ፍሪጅ ከፈቱ። ሁለት ጥቁር ወይራ አወጡ። አንዱን ሳህኑ ላይ አደረጉ፣ አንዱን በማንኪያ ወደ እኔ ዘረጉ። ኮሪደሩ ላይ ቆመን በላን።